ሹካው ለማን ነው? ከመሶብ እስከ ኬክ ሹካ

ነሐሴ 24 በተክለ ሃይማኖት ሰፈር ብዙ ቤት እንግዳ ይቀበላል። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚመለሰው፣ ከሌላ ክፍለ ከተማ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣው፣ የጽዋ ማኅበሩ አባል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ፍልሰታ ከተፈታ ሳምንት አልፎታልና ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር ቅቤውም ክሬሙም ይፈቀዳል። ዶሮው ተበልቶ መሶቡ ከተነሣ በኋላ፣ ቡናው ከመቅረቡ በፊት፣ አሁን አሁን አንድ ነገር መሐል ገብቷል፤ ኬክ። ከኬኩ ጋር ደግሞ ጥያቄው ይመጣል፤ በምን ይበላ?

ቡፌው ይከፈታል። ለሠርግ በስጦታ የመጣ፣ ከፋይ በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ የተኛ የማንኪያና የሹካ ስብስብ አለ። እናት «እሱን ተዪው፣ ይቧጨራል» ትላለች። ልጅ ትንሿን ባለ ሦስት ጣት ሹካ አንሥታ «ይቺ እኮ ለኬክ ነው የተሠራችው» ብላ ትከራከራለች። መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ተመልሶ ይዘጋና እንግዳው በሻይ ማንኪያ ይበላል።

ጉዳዩ ተራ ይመስላል። ነገር ግን ከዚህች ትንሽ ጭቅጭቅ ጀርባ የማን ሥርዓት «ሥልጣኔ» ይባላል፣ እንግዳስ በምን ይከበራል የሚል የቆየ ክርክር አለ።

🔹 ሹካ ሳይኖር ሥርዓት ነበር

ሹካ ዘግይቶ ገባ ማለት የአበሻ ማዕድ ሥርዓት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሥርዓቱ የተሠራው በብረቱ ላይ ሳይሆን በምግቡ ላይ ነው። ዶሮ 12 ብልት ይወጣላታል። የትኛው ብልት ለማን እንደሚቀርብ የታወቀ ነው፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለተከበረው እንግዳ ነው። በቤተ መንግሥት ግብርም ሰው በማዕረጉ ይቀመጣል፣ የሚደርሰው ሥጋም እንደ ማዕረጉ ነው። አውሮፓዊው ክብርን በማንኪያና በሹካው ብዛት ሲለይ፣ የእኛ ሰው በብልት፣ በመቀመጫና በእጅ ማስታጠብ ተራ ይለይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በግብዣ ላይ ሴቶቹ ሥጋውን በእንጀራ እየጠቀለሉ ወንዶቹን ያጎርሱ እንደነበር ጽፏል። እሱን ያስገረመው ነገር እኛ ዛሬም የምናውቀው ጉርሻ ነው። በጉርሻ ባህል የሰው እጅ ራሱ የማዕድ ዕቃ ነው፤ ያውም የሚበላው ሰው የራሱ ያልሆነ እጅ።

ማንኪያም ቢሆን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አይደለም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደሙን ለማቀበል ብቻ የሚያገለግል ማንኪያ አለ፤ ዕርፈ መስቀል ይባላል። ከዚያ አገልግሎት ውጭ ለሌላ ነገር አይነካም። ጉራጌም ለክትፎው የቀንድ ማንኪያ አለው። መርካቶን በንግድ ያቀናው፣ ከተክለ ሃይማኖት እስከ አውቶቡስ ተራ ያለውን ሰፈር የሞላው የጉራጌ ነጋዴ ይህን ማንኪያ ይዞ ነው ከተማ የገባው። እንግዲህ «ለአንድ ምግብ አንድ የተለየ ዕቃ» የሚለው ሐሳብ ለዚህ ሰፈር አዲስ አይደለም።

ስሞቹም ይመሰክራሉ። ማንኪያ ከግእዙ «ማንካ» ጋር ይዛመዳል። ሹካ ግን ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ በዐረብኛ ትርጉሙ እሾህ ማለት ነው።

🔹 አውሮፓም ሹካን ስቃበታለች

ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ሹካ በአውሮፓም ተወግዞና ተሰድቦ ማለፉን ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከቢዛንታይን ወደ ቬኒስ በጋብቻ የሄደች ልዕልት ምግቧን በወርቅ ሹካ በመብላቷ ጴጥሮስ ዳሚያኒ የተባለው የካቶሊክ መነኩሴ በቅንጦት ወቅሷታል። እ.ኤ.አ. በ1611 እንግሊዛዊው ቶማስ ኮርያት ጣልያኖች በሹካ ሲበሉ ማየቱንና እሱም መልመዱን በጻፈ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ተሳልቀውበታል።

ሹካው በየዓይነቱ የበዛው ከዚያ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ተገጣጥመዋል። አንደኛ፣ ምግብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገበታ ላይ መደርደሩ ቀርቶ «የሩሲያ አቀራረብ» በተባለው ዘዴ በየተራ መቅረብ ጀመረ። ለእያንዳንዱ ተራም የራሱ ዕቃ አስፈለገ። ሁለተኛ፣ የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን እ.ኤ.አ. በ1840 በኤሌክትሪክ ብር የመለበጥን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። የመኳንንት የነበረው የብር ዕቃ ለነጋዴውና ለሐኪሙ ቤትም ደረሰ። ፋብሪካው ሽያጭ ይፈልጋል፣ አዲሱ ባለጸጋ ደግሞ መለያ ይፈልጋል። የኬክ ሹካ፣ የአይስክሬም ማንኪያ፣ የፍራፍሬ ቢላዋ የተባዙት በዚህ ዘመን ነው።

ስለዚህ ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹን የወለዳቸው የሆድ ፍላጎት ብቻ አልነበረም። የሚያውቀውን ከማያውቀው መለያም ነበሩ።

🔹 ከእቴጌ ሆቴል እስከ ኬክ ቤት

ወደ አገር ቤት እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተው እቴጌ ሆቴል፣ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። በሰፊው እንደሚተረከው መኳንንቱ ገንዘብ ከፍሎ ሰው ፊት መብላትን ነውር አድርገው ስለቆጠሩት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው እየጋበዙ አስለመዷቸው። ዘመኑ ከዓድዋ በኋላ ነው። የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች አዲስ አበባ ላይ ሌጋሲዮን እየከፈቱ ነበር። በእነሱ ገበታ ሳያፍሩ መቀመጥ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ሹካ ወደ ኢትዮጵያ የገባችው በዲፕሎማሲ በር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ጣፋጩ ግን በሌላ በር ገባ። በባህላዊው ማዕድ ከምግብ በኋላ የሚቀርብ የጣፋጭ ተራ የለም። ምግብ የሚዘጋው በቡና ነው፤ ከቡናው ጋር ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ይመጣል። ማር ቢኖር ወደ ጠጅ ይሄዳል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሲዛወር የተክለ ሃይማኖት አካባቢ በፒያሳና በአዲሱ ገበያ መካከል መሸጋገሪያ ሆነ። ጣልያን ተሸንፎ ከወጣ በኋላም ማኪያቶው፣ ፓስታውና ኬኩ ቀሩ። ሚልፎሊ የአዲስ አበባ ሰው አፍ ውስጥ አማርኛ ሆነ።

ኬክ ግን ለረጅም ጊዜ የሚበላው ኬክ ቤት ነበር። እዚያ ሹካውን የሚመርጠው አስተናጋጁ ነው። ቤት ውስጥ ልደት፣ ምርቃትና ክርስትና በኬክ መከበር ሲጀምር ግን ምርጫው የባለቤቷ ሆነ፤ ጭንቀቱም እንደዚያው።

🔹 እንግዲህ ምን ይገዛ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ነው። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ስለዚህ ለቡፌ መስታወት ብቻ የሚገዛ ዕቃ ድሮም ብክነት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ይበልጥ ያስቆጫል። ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

እውነተኛው የኬክ ሹካ ከምግብ ሹካ ያጥራል፣ ሦስት ጣት አለው። በግራ በኩል ያለው ጣት ሰፋ ብሎ ይሠራል፤ ኬኩን ያለ ቢላዋ ለመቁረጥ ነው። ይህ ለቀኝ እጅ ሰው የታሰበ ስለሆነ ግራኝ እንግዳ ካለ ተራ ትንሽ ሹካ ይሻለዋል። ክሬም፣ ፍራፍሬ ወይም አይስክሬም ከሆነ ማንኪያ ያስፈልጋል፤ የጣፋጭ ማንኪያ መጠኑ በሻይ ማንኪያና በሾርባ ማንኪያ መካከል ነው። ድፎ ዳቦ በማር ከሆነ ደግሞ እጅን የሚበልጠው የለም።

በዕቃው ጀርባ 18/10 የሚል ቁጥር ቢታይ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ለዝገት የበለጠ ይበረታል። 18/0 ኒኬል የለውም፣ ርካሽ ነው። ገዢ ትንሽ ማግኔት ይዞ ቢሄድ ልዩነቱን ሱቅ ላይ ሊያይ ይችላል፤ 18/0 በደንብ ይሳባል፣ 18/10 ግን እምብዛም አይሳብም። በሹካው ጣቶች መካከል በጣት ሲዳሰስ የሚቧጥጥ ከሆነ አጨራረሱ ደካማ ነው። ለብዙ ቤት ከ24 ፍሬ ሳጥን ይልቅ በየቀኑ የሚሠራባቸው ጥሩ 6 ሹካዎችና 6 ማንኪያዎች ይበቃሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አገር ውስጥ የሚሠራውን የቀንድ ማንኪያ ማየት ደግ ነው። ለክትፎ የሆነው ለክሬምም ይሆናል። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና በፈላ ውሃ መታጠብ ብቻ አይወድም።

🔹 የእንግዳው ክብር

ሹካን እንደ ባዕድ ነገር መጥላት ትክክል አይሆንም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ጉርሻ በአንድ ጊዜ አስፈሪ ሆነ፤ በየራስ ሳህንና በየራስ ሹካ መብላት መተሳሰቢያ ሆነ። እጁ ለሚንቀጠቀጥ አዛውንት፣ ለታማሚ፣ እጅ መታጠቢያ በሌለበት ድግስ ላይ ሹካና ማንኪያ እፎይታ ናቸው። መኳንንቱም በእቴጌ ሆቴል የተማሩት ለከንቱ አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ሰውን መፈተኛ ሲሆን ነው። ከገጠር የመጣች አክስት የኬኩን ሳህን ተቀብላ ሹካውን እንዴት እንደምትይዝ ሳታውቅ «ጠግቤአለሁ» ብላ ከመለሰች፣ የዚያ ቤት ግብዣ እዚያ ላይ ፈርሷል። ሹካው 18/10 መሆኑ አያድነውም። በሌላ በኩል ያ ሳጥን 20 ዓመት ሙሉ «ለእንግዳ» ተብሎ ተቆልፎ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን «ይቧጨራል» ከተባለ፣ እንግዳ የተባለው ሰው ማን ነው?

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ለዚህ ነው። ሳጥኑ ይከፈት። ሹካውም ማንኪያውም ይቅረብ፣ በእጁ መብላት የፈለገም ይብላ። ቀድማ በእጇ የምትቆርሰው ግን ባለቤቷ ትሁን፤ ያን ጊዜ አክስትም ሳትሳቀቅ ትበላለች።