ተመልሶ የመጣው ልጅ፦ የ1993ቱ ወጣት ብሔራዊ ቡድናችንና ለእኛ የተወው ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከዐስር ሰላት በኋላ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ሜዳው በልጆች ይሞላል። አንዱ "ሳላህ ነኝ" ይላል፤ ሌላው "ሐኪሚ ነኝ" ይላል። ከእነዚህ ልጆች ስንቶቹ ይሆኑ ኢትዮጵያ ራሷ አንድ ጊዜ በወጣቶች የዓለም ዋንጫ መሰለፏን የሚያውቁት? ዛሬ ያንን ታሪክ እናነሳለን፤ ኢንሻአላህ።

🔹 ውድድሩ ከየት ተነሣ?

የመጀመሪያው የወጣቶች የዓለም ዋንጫ የተካሄደው በሙስሊም አገር ነው፤ በ1969 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1977) በቱኒዚያ። ዋንጫውን ሶቪየት ኅብረት ወሰደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ጃፓን ላይ ማራዶና የሚባል ወጣት ለዓለም ታየ። በ1981 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1989) ደግሞ አዘጋጇ ሳዑዲ ዐረቢያ ነበረች። በዚያ ውድድር ናይጄሪያ በደማም ከተማ በሶቪየት ኅብረት 4 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 4 ለ 4 አደረገች፤ በፍጹም ቅጣት ምትም አሸንፋ አለፈች።

ግን በዚያው ዓመት ሌላ ታሪክ ተጻፈ። ፊፋ ናይጄሪያን በወጣት ቡድኖቿ ተጫዋቾች ዕድሜ ላይ በተገኘ ማጭበርበር ለሁለት ዓመት ከውድድር አገዳት። የሚቀጥለውን የወጣቶች ዓለም ዋንጫ የማዘጋጀት ዕድሏንም አጣች። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

🔹 የ1993 ዓ.ም ልጆች

በመጋቢት 1993 ዓ.ም ኢትዮጵያ የአፍሪካ ከ20 ዓመት በታች ዋንጫን አዘጋጀች። አንጎላ ጋናን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ግብፅ ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጡ። አራቱም ወደ አርጀንቲና የሚያደርሰውን ቲኬት ቆረጡ።

በሰኔ ወር ልጆቻችን አርጀንቲና ደረሱ። ምድባቸው ቀላል አልነበረም፦ ኮስታሪካ፣ ኢኳዶርና ኔዘርላንድስ። ኔዘርላንድስ እነ ቫን ደር ቫርትንና ሮበንን ይዛ ነበር። ኢትዮጵያ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፋ ተመለሰች። ያ በዚህ ውድድር የመጀመሪያችን ነበር፤ እስካሁንም ብቸኛው ነው።

አሁን ከእኛ ጋር የሄደችውን ግብፅን እንመልከት። በምድብ ጨዋታ በአርጀንቲና 7 ለ 1 ተቀጠቀጠች። ከዚያ ወዲያ ማን ተስፋ ያደርግባታል? ልጆቹ ግን አንገታቸውን አልደፉም። ከምድባቸው አለፉ፤ አሜሪካን ጣሉ፤ እኛን ያሸነፈችውን ኔዘርላንድስን 2 ለ 1 ረቱ። በመጨረሻም ፓራጓይን 1 ለ 0 አሸንፈው ሦስተኛ ወጡ። ሰብር በሜዳ ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል።

ግብፆች በዚያ አላቆሙም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሐሰን ሸሓታ አሠልጣኝነት የአፍሪካን የወጣቶች ዋንጫ አነሡ። ከዚያ ቡድን እነ ሑስኒ ዐብድ ረቦና ዒማድ ሙተዐብ ወደ ዋናው ቡድን አደጉ፤ አሠልጣኙም አብሯቸው አደገ። እ.ኤ.አ በ2006፣ በ2008 እና በ2010 የአፍሪካ ዋንጫ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የግብፅ ሆነ። እኛ ግን እ.ኤ.አ ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ጠበቅን። በ2005 ዓ.ም መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ስንረታ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ያስቆጠሯቸው ግቦች ናቸው ያን ረጅም ጥበቃ ያበቁት።

🔹 የኢብኑ ዑመር ትምህርት

በኡሑድ ዘመቻ ጊዜ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ራሱን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበ፤ እሳቸውም አልፈቀዱለትም፤ መለሱት። በኸንደቅ ጊዜ 15 ዓመት ሞልቶት እንደገና ቀረበ፤ ፈቀዱለት። የዚህ ልጅ ታሪክ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ዕድሜ የራሱ ሚዛን አለው፤ ልጁም ዕድሜውን አልዋሸም። ሁለተኛ፣ መመለስ ማለት መቅረት አይደለም። የተመለሰ ልጅ ተዘጋጅቶ ይመጣል።

የ1993 ዓ.ም ቡድን በመሸነፉ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ከዓለም ወጣቶች ጋር ተጋጥሞ ነው የተሸነፈው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ወጣት ቡድን ተዘጋጅቶ አለመመለሱ።

🔹 ለእኛስ?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር እናት የልጇን ልደት የምታስታውሰው በአዝመራው ወይም በዓመት በዓሉ ነው። ስለዚህ "ሁለት ዓመት ቀንስ፤ ማን ያውቃል?" የሚል መካሪ አይጠፋም። አላህ ያውቃል! ዕድሜም አማና ነው። የቀነስከው ዓመት የሌላ ታናሽ ወንድምህን ቦታ ይነጥቃል፤ ሲታወቅም እንደ ናይጄሪያ አገር ያስቀጣል። የልደት ምዝገባ አሁን በየቀበሌው አለ፤ ታናናሾቻችንን እናስመዝግብ።

ታላላቆች ደግሞ በሠፈራችሁ ላሉት ልጆች ጊዜ ስጡ። አንድ ኳስ፣ አንድ ቋሚ ሰዓት፣ አንድ የማይሰለች አሠልጣኝ ብዙ ይሠራል። ልምምዱ ከመግሪብ በፊት ይለቅ፤ ከትምህርት አይጋጭ። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆች ጋር በአንድ ማልያ መጫወቱም ይቀጥል፤ አብሮ የደከመ በቀላሉ አይለያይም።

የሚቀጥለው ሳላዲን ምናልባት ዛሬ ቡሬ ላይ በጨርቅ ኳስ እየተጫወተ ይሆናል። ዛሬ ባይመረጥ፣ ነገ ተዘጋጅቶ እንዲመጣ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።