የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ የበላይነትና የደብረ ታቦር ደጋ

ኢትዮጵያ ከ1960 የሮም ኦሊምፒክ እስከ 2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ 24 ወርቅ አግኝታለች (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሃያ አራቱም የተገኙት በሩጫ ነው፤ እሱም በሦስት ርቀቶች ብቻ፤ 11ዱ በ10 ሺህ ሜትር፣ 7ቱ በማራቶን፣ 6ቱ በ5 ሺህ ሜትር። ከ5 ሺህ በታች ወርቅ የለም። በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል፣ በ1 ሺህ 500ና በ800 ሜትር የተገኘው ትልቁ ሜዳሊያ ብር ነው፤ ገንዘቤ ዲባባ በ2016 በ1 ሺህ 500፣ ለሜቻ ግርማ በ2021 በመሰናክል፣ ጽጌ ዱጉማ በ2024 በ800 ሜትር አምጥተውታል። የደቡብ ወሎዋ ሶፊያ አሰፋ በ2012 ለንደን ላይ በመሰናክል ሦስተኛ ገብታ ነበር፤ አሸናፊዋ በአበረታች መድኃኒት ስትሰረዝ ወደ ብር ከፍ አለች።

ስለዚህ አገሪቱ አብልጣ የምትገዛው ርቀት የቱ ነው ለሚል ሰው መልሱ 10 ሺህ ሜትር ነው። ብዙ ሰው ማራቶን ይመስለዋል፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበትን ሌሊት የሚረሳ ስለሌለ ነው። በቁጥር ግን ማራቶን ሁለተኛ ነው። ጎረቤት ኬንያን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ኬንያ በመሰናክል ሩጫ ከ1968 እስከ 2016 በተካፈለችባቸው ኦሊምፒኮች ሁሉ የወንዶቹን ወርቅ ለማንም አላስነካችም፤ በ10 ሺህ ሜትር ግን ያላት ሁለት ወርቅ ብቻ ነው፤ ናፍታሊ ቴሙ በ1968፣ ቢያትሪስ ቼቤት በ2024።

ለዚህ የበላይነት መልክ የሰጠው ምሩጽ ይፍጠር ነው። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ኢትዮጵያ ከውድድሩ በመውጣቷ ሳይሮጥ ቀረ፤ አራት ዓመት ጠብቆ በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺህንም 10 ሺህንም ወሰደ። «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው መጨረሻ ላይ ድንገት ፍጥነቱን መቀየሩ ነው፤ ከሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህን ተምረዋል። 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው። ሃያ አራቱ ዙር ትዕግሥት ነው፤ ሃያ አምስተኛው ላይ ደወሉ ሲመታ የሚቀየር ማርሽ ያለው ያሸንፋል። በ2000 ሲድኒ ላይ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ቀድሞ ተፈተለከ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እግር በእግር ተከተለው፤ መስመሩ ጋ ሲደርሱ ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመ። ከ27 ደቂቃ በላይ ሮጠው የለያያቸው የደረት ስፋት ነው። ሴቶቹን ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በር ከፈተችላቸው። አልማዝ አያና በ2016 ሪዮ ላይ በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ስትገባ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ለ23 ዓመት ይዛው የቆየችው ክብረ ወሰን ወደቀ።

በአገር ውስጥ ደግሞ የበላይነቱ ይበልጥ ይጠብባል። ኃይሌ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ አራቱም የአርሲ ልጆች ናቸው፤ ከ11ዱ የ10 ሺህ ወርቅ 8ቱ የነሱ ነው። የቀነኒሳንና የጥሩነሽን የ5 ሺህ ወርቆች፣ የማራቶን አሸናፊዎቹን ፋጡማ ሮባን፣ ገዛኸኝ አበራንና ቲኪ ገላናን ስንጨምር አርሲ ከ24ቱ 13ቱን ይዛለች። ደብረ ታቦር ካለችበት ከደቡብ ጎንደር ግን የተገኘ አንድም የለም።

ይህን ያየ ሰው ምክንያቱን ከፍታ ነው ይላል፤ ከፊሉ እውነት ነው። በ2 ሺህ 700 ሜትር ላይ የሚተነፈሰው አየር ከባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል፤ በዚያ ያደገ አካል ደሙን በቀይ ሕዋስ ያበረታል። ግን አሰላ 2 ሺህ 400፣ በቆጂ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆኑ ደብረ ታቦር 2 ሺህ 700 ላይ ናት፤ ከራሷ በላይ ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር የሚያልፈው ጉና አለ። ከፍታ ብቻውን ወርቅ ቢያመጣ በከተማዋ ዙሪያ ያለው የፋርታ ወረዳና ጉና ሥር ያሉት ቀበሌዎች ሻምፒዮን ባልጎደላቸው ነበር። በ2003 የታተመ ጥናት ታላላቅ የኢትዮጵያ ማራቶን ሯጮች ከሕዝቡ ድርሻ በላይ ከአርሲና ከሸዋ እንደሚወጡ፣ ከሌላውም ሰው ይልቅ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። ይህ ሁለተኛው ነገር ግን ፋርታም አለ። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ውርጩ ገብሱ ላይ እንዳለ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ዳገቱን የሚሮጥ ልጅ እዚያም አይጠፋም።

ልዩነቱ ያለው ልጁ ከሮጠ በኋላ በሚቀበለው ሰው ላይ ነው። በአሜሪካ ሯጭ የሚያሳድጉት ዩኒቨርሲቲዎችና በየአካባቢው ያዋቀሯቸው ሊጎች ናቸው። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የሠሩት ጦርና ፖሊስ ናቸው፤ አበበና ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ፣ ምሩጽ የአየር ኃይል፣ ጥሩነሽ የማረሚያ ቤቶች ሯጮች ነበሩ። ክለቦቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደብረ ታቦር ከ600 በላይ ነው። በቆጂ ላይ ደግሞ መምህር ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ፤ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑ። እኔ ከሁሉ በላይ የምመዝነው ይህን ነው። አንድ መምህር ሠላሳ ዓመት አንድ ከተማ ላይ ሲቆይ ልጁ ታላቁን እያየ ይሮጣል፤ ታላቁ አዲስ አበባ ሲገባ ክለቡ ለታናሹም በር ይከፍታል።

ለሥልጠና ግን የደቡብ ጎንደር መሬት የተመቸ ነው። ጣና ዳር ያለው የፎገራ ሜዳ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ የሩዝ አገር ነው፤ ከወረታ ተነስቶ ደብረ ታቦር የሚደርሰው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ 900 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ማራቶን ለመሆን ትንሽ ቢቀረው ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው ይህንኑ ሜዳ ያጠጣሉ። የሩጫ አሠልጣኞች ላይ አድሮ ታች መሮጥ የሚሉት ዘዴ አለ፤ ሯጩ ደሙን በከፍታ እየገነባ ፍጥነቱን አየር በበዛበት ዝቅተኛ ቦታ ይሠራል። ለዚህ ሌላው ዓለም ተራራ ፍለጋ በአውሮፕላን ይጓዛል። የደብረ ታቦር ልጅ ግን ማለዳ በሚኒባስ ወረታ ወርዶ በለጥ ያለው መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሠርቶ፣ ማታ ቤቱ ብርድ ልብሱን ደርቦ መተኛት ይችላል።