የትንባሆ ጉዳት እንዴት እንደ ታወቀ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ትንባሆ ክፉ ነው ብሎ ከመምከር አስቀድሞ ክፋቱ በምን እንደ ታወቀ መመርመር ይገባል። «አታጭስ» የሚለውን ትእዛዝ የሰሙ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱን የሰሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። በአገራችን በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ትንባሆ በብርቱ ተከልክሎ ነበር። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም ክልክል ነበር። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን የሚጠብቀን ከልካዩ በሚያየን ስፍራ ነው፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ግን ማንም በማያየው ስፍራም ራሱን ይጠብቃል። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ትንባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ክርስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ወደ አውሮፓ ገባ። በፖርቱጋል የፈረንሳይ መልእክተኛ የነበረው ዣን ኒኮ በ1560 ገደማ መድኃኒት ነው ብሎ ወደ አገሩ ቤተ መንግሥት ላከው፤ ኒኮቲን የሚባለው የትንባሆ መርዝም በዚህ ሰው ስም ተጠራ። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1604 ትንባሆን የሚነቅፍ ጽሑፍ ቢያወጣም ሕዝቡ ማጨሱን አልተወም። በ1881 ሲጋራ የሚጠቀልል መኪና በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ ሲጋራ እየረከሰ ሄደ፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶችም ለወታደሮች እንደ ስንቅ ይታደል ነበር።

ከዚህ በኋላ ቀድሞ እምብዛም የማይታየው የሳንባ ካንሰር እየበዛ መጣ። በእንግሊዝ አገር ዶክተር ሪቻርድ ዶልና የቍጥር ሊቅ የነበሩት ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ምክንያቱን ይፈልጉ ጀመር። ዶክተር ዶል ራሳቸው ያጨሱ ነበርና በመጀመሪያ የጠረጠሩት ሲጋራን ሳይሆን የአውቶሞቢልን ጢስና በመንገድ ላይ የሚፈሰውን ሬንጅ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት በለንደን ሆስፒታሎች የተኙትን 709 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በሌላ በሽታ ከተኙ 709 ሰዎች ጋር አስተያዩ። በዚያ ዘመን የማያጨስ ወንድ ጥቂት ነበር፤ ሆኖም ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል የማያጨሱት 2 ብቻ ሲሆኑ፥ ከሌሎቹ 649 ወንዶች መካከል የማያጨሱት 27 ሆነው ተገኙ። ውጤቱ በ1950 ታተመ፤ ዶክተር ዶልም ሲጋራቸውን ተዉ።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዶክተር ኤቫርትስ ግራሃም ኤርነስት ዊንደር ከተባለ ወጣት ጋር 684 ሕሙማንን መርምረው ተመሳሳይ ነገር አሳተሙ። እኒህ ሐኪም በ1933 ካንሰር የያዘውን አንድ ሳንባ በሙሉ በቀዶ ጥገና አውጥተው በሽተኛውን በማዳን ስመ ጥር ነበሩ። ሲጋራ በብዛት ያጨሱ ነበርና ነገሩን በመጀመሪያ አላመኑም፤ ማስረጃው ሲመጣ ግን አልሸሸጉትም፥ ማጨሳቸውንም ተዉ። ዳሩ ግን ዘግይተው ነበር። በ1957 በዚያው በሳንባ ካንሰር ሞቱ። በ1933 ያዳኑት በሽተኛ ግን ያን ጊዜም በሕይወት ነበረ።

በማስተማር ሥራ በቆየሁበት ዘመን አንዳንድ ተማሪዎች «አያቴ ሲያጨሱ ኖረው 80 ዓመት አልፏቸዋል» ይሉኝ ነበር። ከጦር ሜዳ በደኅና የተመለሰ አንድ ሽማግሌ ጦርነት አይገድልም ለማለት ምስክር ሊሆን አይችልም፤ የወደቁት መጥተው አይናገሩምና። ስለዚህ የተመለሱትንም የወደቁትንም መቍጠር ያስፈልጋል። ዶልና ሂል ይህን አደረጉ። ከ1951 ጀምሮ 34,439 የእንግሊዝ ወንድ ሐኪሞችን መዝግበው ማን እንደሚያጨስ፥ ማን እንደ ተወ፥ ማን በምን እንደ ሞተ መከታተል ጀመሩ። ሥራው 50 ዓመት ቈየ። በ2004 በወጣው ውጤት መሠረት ማጨስን ያልተዉት ከማያጨሱት ይልቅ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። በ60 ዓመቱ የተወ 3 ዓመት፥ በ50 ዓመቱ የተወ 6፥ በ40 ዓመቱ የተወ 9፥ በ30 ዓመቱ የተወ ግን 10ሩንም ዓመት ያህል አትርፏል። ጉዳቱም በሳንባ ካንሰር ብቻ አያበቃም፤ የልብ ሕመም፥ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስና የትንፋሽ ማጠር በሽታም ያመጣል።

እውነቱ እንዲህ ሲገለጥ የአሜሪካ ሲጋራ ሠሪዎች ምን አደረጉ? በጥር 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ሲጋራ ጤናን እንደሚጎዳ አናምንም የሚል ማስታወቂያ አወጡ። በ2006 ግን የአገሩ ፍርድ ቤት ለብዙ ዓመታት ሕዝቡን ሲያታልሉ እንደ ኖሩ ፈረደ። ሐኪሞቹ የራሳቸውን ልማድ የሚቃወመውን እውነት ተቀበሉ፤ ነጋዴዎቹ ግን ለትርፋቸው ሲሉ ሸሸጉት። ወጣቶች ሆይ፥ የማንን ምክር መስማት እንደሚገባችሁ ከዚህ ላይ ፍረዱ።

ዛሬ በዓለም ላይ በትንባሆ ምክንያት በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሞታል፤ ከእነዚህም መካከል የሌላውን ሰው ጢስ በመተንፈስ ብቻ የሚሞቱ አሉ። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይህ የዕድሜ ገደብ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም፤ ሲጋራ አብዛኛውን ጊዜ የሚለመደው በወጣትነት ነውና።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚያቀርብላችሁ ጓደኛ እንጂ ጠላት አይደለም፤ በዚያ ቀን የሚያማችሁም ነገር አይኖርም። ሒሳቡ የሚጠየቀው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ፥ ልጆች በምታሳድጉበት ጊዜ ነው። ያልጀመራችሁ አትጀምሩ። የጀመራችሁም ብትሆኑ ተስፋ አትቍረጡ፤ በ30 ዓመቱ የተወው ሰው ምን ያህል እንዳተረፈ አይታችኋልና፥ ሳይቃጠል በቅጠል ብላችሁ ዛሬውኑ ተዉት።