ሳጥኑን ማን ሠራው?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የሰው ቁመት የሚያክል የእንጨት ሳጥን ነው። አናቱ ላይ መብራት አለው፣ መሀሉ ላይ ስክሪን፣ ከስክሪኑ ሥር ደግሞ ሁለት ጆይስቲክና የተደረደሩ ክብ ክብ ቁልፎች። «ቲቸር፣ የአርኬድ ጌም ማሽን ነው። ኮምፔንሳቶውን ከመቁረጥ ጀምሮ ሁሉንም በእጄ ነው የሠራሁት» ይላል። ቀጠል አድርጎ ጠየቀኝ፦ «ለመሆኑ ቅርፁ እንዲህ የሆነው ለምንድነው? መጀመሪያስ የሠራው ማን ነው?»

ለእሱ ብቻ ልመልስለት እችል ነበር። እዚህ ሁላችሁም ፊት የምጽፍበትን ምክንያት ግን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

አርኬድ ለማታውቁት፣ ሳንቲም ከተው ፊቱ ቆመው የሚጫወቱበት የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ነው። የሰፈራችን ጆተኒ የሩቅ ዘመድ በሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቅ ያሉት እ.ኤ.አ. በ1971 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። አንዱ ቢል ፒትስና ሂው ታክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተከሉት «ጋላክሲ ጌም» ነው፤ አንድ ጨዋታ በ10 ሳንቲም። ሌላው «ኮምፒውተር ስፔስ» ይባላል፤ የኖላን ቡሽኔልና የቴድ ዳብኒ ሥራ ነው።

ቡሽኔልን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ዳብኒንስ? ሰውየው ኤሌክትሮኒክስ የተማረው አሜሪካ ማሪን ኮር ውስጥ በውትድርና እያለ ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲሞክሩ የሴት ልጁን መኝታ ክፍል ወርክሾፕ አደረገው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብ እንድትንቀሳቀስ የሚያደርገውን ሰርኪዩት የፈጠረውም እሱ ነው። ደግሞም እንጨት መሥራት ይችል ነበር።

በ1972 ሁለቱ አታሪን አቋቋሙ። አል አልኮርን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ቀጠሩና እጁን እንዲያፍታታ አንድ ቀላል የቴኒስ ጨዋታ ሥራ አሉት። ያ ጨዋታ ፖንግ ሆነ። ለሙከራው ስክሪን ከሱቅ በ75 ዶላር የተገዛ ጥቁርና ነጭ ሂታቺ ቴሌቪዥን ነው። ያንን ቴሌቪዥን የያዘውን የእንጨት ሳጥን የሠራው ግን ዳብኒ ነበር። ሳኒቬል ከተማ፣ አንዲ ካፕስ በሚባል መጠጥ ቤት ውስጥ አስቀመጡት። ብዙም ሳይቆይ «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» ተብሎ ተደወለ። አልኮርን ሄዶ ሲከፍተው የተበላሸ ነገር የለም፤ የሳንቲሙ መያዣ ሞልቶ ፈሶ ነው! አንድ ትልቅ ኢንዱስትሪ የተጀመረው እንደዚህ ነው፤ በተራ ቴሌቪዥንና በእጅ በተሠራ ሳጥን።

አሁን ወደ ቅርፁ ልምጣ። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ከኋላው ረጅምና ከባድ ነበር፤ ሳጥኑ ጥልቅ የሆነው እሱን ለመሸከም ነው። ቁልፎቹ ወገብ አካባቢ የሆኑት ተጫዋቹ ቆሞ ስለሚጫወት ነው። ስክሪኑ ወደ ኋላ ጋደል ያለው ከላይ ቁልቁል ስለሚታይ ነው። አናቱ ላይ ያለው መብራት ደግሞ ጨለም ባለ ቤት ውስጥ የጨዋታውን ስም ከሩቅ ያሳያል፤ የሱቅ ታፔላ ማለት ነው። ሁለቱ ጎኖች ከኮምፔንሳቶ ወይም ከቺፑድ ይቆረጣሉ፤ ጠርዛቸው በሰው እጅና እግር እንዳይላላጥ ዙሪያውን በመጋዝ ቀጭን ቦይ ይወጣና የፕላስቲክ ክፈፍ ይገባበታል። እያንዳንዱ መስመር ምክንያት አለው። ይህን ያሰበ ሰው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን አናጢም ነው።

ከዚያ ጨዋታው ወደ ሰው ሳሎን ገባ። ቤቱ ኮንሶል ያለው ልጅ ሳንቲም ይዞ መውጣት ተወ፤ የጨዋታ ቤቶቹም አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ሳጥኖቹም መጋዘን ውስጥ ተጣሉ። በ1997 ግን ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ «ሜም» የሚባል ፕሮግራም አወጣ፤ የድሮዎቹን ጨዋታዎች በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ። ጨዋታው ሲገኝ ሰዎች የጎደላቸው ሳጥኑ ሆነ። መጋዝና ኮላ ይዘው ጓሮ ወጡ። በ2012 ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው መዳፍ ላይ የምታርፍ ኮምፒውተር ስትመጣ ደግሞ ኤሌክትሮኒክሱ ቀላሉ ሥራ ሆነ። ዛሬ ከባዱ አንግሉን ማስተካከልና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ዳብኒ ወደጀመረበት ቦታ ተመለሰ።

ዳብኒ በ1973 ከአታሪ ወጣ፤ በ2018 አረፈ። ለብዙ ዓመታት ታሪኩ ሲነገር ስሙ አይነሳም ነበር። የኛንስ ሰፈር ጆተኒ ማን እንደሠራው የሚያውቅ አለ? እኔ ስንት ዓመት ተጫውቼበት አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

አሁን ምክንያቴን ልንገራችሁ። ይህ ልጅ አሥረኛ ክፍል እያለ በታሪክ ደብተሩ ጀርባ ወንበርና ቁም ሳጥን ሲስል ያዝኩት። ስዕሉ ልኬት ሁሉ ነበረው። ደብተሩን ለክፍሉ ከፍ አድርጌ አሳየሁና «አናጢ ለመሆን ነው እንዴ ትምህርት ቤት የምትመጣው?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ደብተሩን ተቀብሎኝ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ሲስል አላየሁትም።

ሰው ፊት ያዋረድኩትን ሰው፣ ሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ያን ቀን ታሪክ እያስተማርኩ ታሪክ የሚሠራው በማን እጅ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አንድ ነገር ልለምንህ። በላክልኝ ፎቶ ላይ ሳጥኑን ዞር ዞር ብዬ አየሁት፤ የትም ቦታ ስምህ የለም። ከኋላ፣ በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ስምህንና ዓመተ ምህረቱን በእርሳስ ጻፍበት።