ኩበት፣ ከሰልና የደጋው አፈር

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ሊማሊሞን ወጥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ጎንደር ሲያልፍ፣ በአንዱ ማሳ ስንዴ ሲታጨድ፣ ከጎኑ በሬ ተጠምዶ ሲታረስ፣ ወዲያ ደግሞ አዝመራው ገና ለምለም ሆኖ ማየቱን ጽፏል። ጊዜው በጋ ነው። የመንገደኛ ወሬ ማጋነን አያጣውም፤ ቢሆንም ክረምቱ ካለፈ በኋላ እርጥበት አቆይቶ ዘር የሚያበቅል አፈር እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዛሬ በዚያው አምባና በዳባት ዙሪያ በጋ ላይ የሚለማው ምንጭ ወይም ወንዝ በቦይ የሚደርስበት ቁራሽ መሬት ነው፤ ውሃውም በተራ የሚጠበቅ ነው። ባዮቻር የሚሉት ዘዴ ደጋውን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። እንጨት ወይም የሰብል ተረፈ ምርት አየር አጥሮት ይከስላል፤ ከሰሉ ይደቅና ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃና የተክል ምግብ ይይዛሉ። ብዙ ሰው ዘዴውን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን አፈርን በእሳት ማከም ለደጋው ገበሬ አዲስ አይደለም ባይ ነኝ። ያጣው ዕውቀቱን ሳይሆን የሚያከስለውን ነገር ነው።

ማስረጃው በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚታወቀው «ጋይ» ነው። ስሙ ራሱ «ጋየ» ከሚለው ግስ ጋር ይሄዳል። መሬቱ ለዓመታት ጦም ካደረ በኋላ ይታረሳል፤ ከነሣሩ የተገለበጠው ጓል ሲደርቅ በየቦታው ይከመራል፤ በክምሩ ሆድ ውስጥ ኩበትና ድርቆሽ ተጎስጉሶ እሳት ይለኮስበታል። እሳቱ አይንቦገቦግም፤ ለቀናት ውስጥ ለውስጥ እየተብሰለሰለ ይጨሳል። ክምሩ ሲናድ አፈሩ እንደ ሸክላ ቀልቶ፣ እዚህም እዚያም ጥቁር ፍርፋሪ ይዞ ይገኛል። ያ ይበተንና ገብስ ይዘራበታል። ሳህለመድህን ሰርፁና ፔድሮ ሳንቼዝ ይህን ልማድ መነሻ አድርገው አፈርን በቤተ ሙከራ አሙቀው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትመዋል። ግለቱ ሲበረታ ጭቃው እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ የአፈሩ ብስባሽም ይቃጠላል። ገበሬው ጋይን የወደደበትም የከፈለበትም ምክንያት ይኸው ነው። ውሃ የሚቋጥረው ጭቃ ይላላል፣ ፎስፈረስ ይፈታል፣ ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት ያምራል፤ ከዚያ መሬቱ እንደገና ለረጅም ዓመታት ጦም ማደር አለበት።

«ታዲያ ጋይ ባዮቻር አይደለም፤ አንዱ የአፈሩን ብስባሽ ያነዳል፣ ሌላው ከውጭ ካርቦን ይጨምራል» የሚል ቢኖር ልክ ነው። ልዩነቱን አልሸፍነውም፤ እንዲያውም ክርክሬ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ጋይ የሚሠራው ሰፊ መሬት ጦም ለማሳደር አቅም ባለበት አገር ነው። ቤተሰብ በዝቶ ማሳው ሲቆራረስ ያን ያህል ዓመት የሚጠብቅ ማን ነው? ብሩስ ባለፈበት በስሜን ተራሮች ተዳፋት ላይ ደግሞ የላላ አፈር የመጀመሪያው ዶፍ ይዞት ይወርዳል። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የስሜንን የአፈር መሸርሸር ሲያጠና ያየው፣ በላይኛው ደጋ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣ ብስባሽ የጠገበ ጥቁር አፈር መኖሩንና ለረጅም ዘመን የታረሰው ተዳፋት ይህን ሀብት እያጣ መሄዱን ነው። ስለዚህ ከሰል ለሁሉም ማሳ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሆንም። ያ ጥቁር አፈር ገና ባለበት ውሃ የሚይዘው ራሱ ነው፤ ከሰል ብዙም አይጨምርለትም። የሚጠቅመው አፈሩ ተጠርጎ ሻካራውና ጠጠሩ በቀረበት ነው።

እንግዲህ ከምን ይከስል? ከባዱ ጥያቄ ይኸ ነው፤ መልሱም ያለው በማእድ ቤት ታሪክ ውስጥ ነው። ደን ሲመናመን የደጋው ምድጃ ወደ ኩበት ዞረ። እበት ከገለባ ጋር ተለውሶ፣ በእጅ ተጠፍጥፎ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል፤ የጣቶቹ ምልክት ሳይጠፋ ከምጣድ ሥር ይገባል። ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሽየሙ በአመዱ ይቀራል። አመዱ ደግሞ የሚደፋው ጓሮ ነው። ለዚህ ነው ጎመኑ የሚፋፋው ቤቱ አጠገብ፣ የሚቀጭጨው ገብስ ደግሞ ማዶ ያለው። ከሩቅ ማሳ የተሰበሰበው ለምነት ዓመት ከዓመት በከብት ሆድና በምድጃ በኩል ወደ ጓሮ ተጓጓዘ ማለት ነው። ገለባው የከብት ቀለብ ስለሆነ አይነካም። የአስታ እንጨትም በአብዛኛው ያለው እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ በተቋቋመው፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ እሱን ለከሰል መቁረጥ በመሬቱ ላይ ሌላ ጥፋት መጨመር ነው። ባዮቻር ደን ያስጨፈጭፋል ብለው የሚሰጉ ሰዎች ስጋታቸው በታሪክ የተደገፈ ነው፤ በቀላሉ ልንነቅፋቸው አይገባም።

የሚተርፈው ባሕር ዛፍ ነው። ግንዱ ለአጣናና ለወጋግራ ተሸጦ፣ ወፍራሙ ቅርንጫፍ ለማገዶ ሲለቀም፣ ቅርፊቱና ጭራሮው ይቀራል። እሱም ቢሆን ሄክታር አያለብስም። «እንግዲያ ምን ይረባል?» ለሚል፣ በደጋው በጋ ላይ የሚጠጣውም መሬት ሄክታር አይደለም እለዋለሁ። በዚያ ቁራሽ መሬት ላይ የሚተከለውን ድንች እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር ነው። ዛሬ በቦይ ዳር በመስመር ለሚተከለው ድንች ከሰሉ በማሳው ሁሉ መበተን የለበትም፤ በከብት ሽንት ተነክሮ፣ ከጓሮ ኮምፖስት ጋር ተለውሶ፣ ዘሩ በሚያርፍበት ፈር ብቻ ይገባል። ሳይነከር ደረቁን የገባ ከሰል በመጀመሪያው ዓመት ናይትሮጅኑን ከድንቹ ሊሻማ ይችላልና።