ድመቷ ምን አጠፋች? የቁንጫ ታሪክ ከለንደን እስከ ምንጣፋችን

በ1665 መግቢያ ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለገበያ ቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ ሮበርት ሁክ የተባለው ሊቅ በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ነገሮች በሥዕል ያሳየበት «ማይክሮግራፊያ» ነው። ከሥዕሎቹ መካከል እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣው የቁንጫው ነው። ታጥፎ የገባው ወረቀት ሲዘረጋ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በጥፍር ተጨፍልቃ የምትጣለው ያቺ ፍጥረት እዚያ ላይ ጥሩር እንደ ለበሰ ጦረኛ ሆና ትታያለች። በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ መጽሐፉን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ቁጭ ብሎ እንዳነበበው በዕለት ማስታወሻው ጽፏል።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ በዚያችው ከተማ ቸነፈር ገባ። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። የከተማዋ ሹማምንት ደንብ አወጡ፤ ከደንቦቹም አንዱ ውሻና ድመት በከተማው ውስጥ እንዳይቀመጡ፣ ውሾችን እያደኑ የሚገድሉ ሰዎችም እንዲመደቡ የሚያዝዝ ነበር። ዳንኤል ዴፎ በ1722 ባሳተመው፣ ታሪክና ልብ ወለድ በተቀላቀለበት መጽሐፉ፣ 40 ሺህ ውሾችና የዚያ አምስት እጥፍ ድመቶች እንደተገደሉ ይነገር ነበር ይላል። ቁጥሩን እንደ ወሬ እንውሰደው፤ ትእዛዙ ግን በእርግጥ ወጥቷል። የቁንጫ ምስል በመጻሕፍት ቤት እየተሸጠ፣ ሰው በሩ ላይ የተኛችውን ድመት ይገድል ነበር።

በሽታውን ያኔ ከሰው ወደ ሰው ያሻገረው የአይጥ ቁንጫ ነው ወይስ በሰው ገላና ልብስ ላይ የሚኖሩት ቁንጫና ቅማል ናቸው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ያም ሆነ ይህ፣ አይጥ አዳኟን ድመት መግደል ለአይጥ ካልሆነ በቀር ለማንም አልጠቀመም። የቁንጫ ታሪክ ከዚያ በኋላም ደጋግሞ የሚያሳየን ይህንኑ ነው። የጠላቱን አኗኗር የማያውቅ ሰው እጁ የደረሰበትን ይቀጣል።

ቸነፈሩን የሚያመጣውን ባክቴሪያ አሌክሳንደር የርሲን በ1894 ሆንግ ኮንግ ላይ አገኘው። ባክቴሪያው ታወቀ እንጂ ከአይጥ ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገር አልታወቀም ነበር። በሽታው በ1896 ቦምቤይ ሲደርስ የእንግሊዝ ገዢዎች ጥፋቱን በቤቱና በቤቱ ባለቤት ላይ ጣሉት። ፑኔ በተባለችው ከተማ ወታደሮች ቤት ለቤት እየገቡ ፈተሹ፤ ሕመምተኛውን ከቤተሰቡ ነጥለው ወሰዱ፤ የቤት ዕቃ አወጡ፣ አቃጠሉ። ሕዝቡ ከበሽታው ይልቅ ፈታሾቹን ፈራ። የዘመቻው ኃላፊ ዋልተር ራንድ በሰኔ 1897 በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ የመቱት ወንድማማቾችም ተሰቀሉ። ቸነፈሩ ግን አልቆመም። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ሕንድ ውስጥ ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ገደለ።

ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ወደ ሕንድ የተላከው በዚህ መካከል ነው። ሲሞን ሁለት ነገር አስተዋለ። አንደኛው፣ በአንዳንድ ሕመምተኞች ገላ ላይ፣ ይልቁንም እግራቸው ላይ፣ ውሃ የቋጠረች ትንሽ ቁስል መኖሯን ነው፤ በውስጧም ባክቴሪያውን አገኘ። ቁስሏ የንክሻ ቦታ ትመስላለች። ሁለተኛው ከአንድ የሱፍ ፋብሪካ የመጣ ወሬ ነው። ሠራተኞቹ ጠዋት ሲገቡ ወለሉ ላይ ብዙ የሞቱ አይጦች አገኙ። እነሱን እንዲጠርጉ ከታዘዙት 20 ሰዎች አሥሩ በሦስት ቀን ውስጥ ታመሙ፤ አይጦቹን ያልነካ ሌላ ሠራተኛ ግን አልታመመም። ሲሞን ከዚህ በመነሣት፣ አይጥ ስትሞትና ገላዋ ሲቀዘቅዝ ጥሏት የሚሄድና አዲስ ገላ የሚፈልግ አንድ ነገር አለ ብሎ አሰበ።

በሰኔ 1898 ካራቺ ውስጥ ሙከራውን አደረገ። የታመመች አይጥ በትልቅ ጠርሙስ ውስጥ አስገባ። ቁንጫ እንዳያንሳትም ከሆቴሉ ድመት ላይ ቁንጫ ለቅሞ ጨመረላት። ጤነኛ አይጥ ደግሞ በሽቦ ወንፊት ውስጥ አድርጎ፣ ገላ ለገላ ሳይነካኩ፣ እዚያው ጠርሙስ ውስጥ አንጠለጠላት። የታመመችው ሞተች። ቀናት ቆይቶ ጤነኛዋም ሞተች፤ ሲመረምራት ሰውነቷ በባክቴሪያው ተሞልቶ ነበር። ቁንጫ የሌለባቸው የታመሙ አይጦች ግን ከጤነኞች ጋር አብረው ቢቀመጡም በሽታው አልተላለፈም። በለንደን ቸነፈር ታመጣለች ተብላ የተፈረደባት ድመት ካራቺ ላይ ምስጢሩን ለመፍታት ቁንጫዋን አዋጣች ማለት ነው።

ሲሞንን ወዲያው ያመነው ሰው ጥቂት ነበር። እንደ አቧራ ተራግፋ የምትጣል ነገር ሚሊዮኖችን ትገድላለች ማለት ለብዙዎች ቀልድ መሰላቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው እስኪያረጋግጡለት ድረስ ዓመታት አለፉ። በእነዚህ ዓመታት ቻርልስ ሮትሽልድ የተባለ የባንክ ቤተሰብ ልጅ፣ ቁንጫ መሰብሰብ የሚወድ ሰው፣ ሱዳን ውስጥ በዓባይ ዳር ካለችው ሸንዲ ያገኛትን አንዲት የቁንጫ ዝርያ በ1903 ገልጾ አሳተመ። ስሟንም ታላቁን ፒራሚድ ባሠራው ፈርዖን በኪዮፕስ ሰየመ። በአይጦች መካከል ቸነፈርን በማዛመት ቀዳሚዋ ይህቺው የሸንዲ ቁንጫ መሆኗ ኋላ ተረጋገጠ። በ1914 ደግሞ ባኮትና ማርቲን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አሠራሯን ገለጡ። ባክቴሪያው በቁንጫዋ ሆድ መግቢያ ላይ ተባዝቶ ጉሮሮዋን ይደፍነዋል፤ የጠጣችው ደም አልወርድ ሲላት በራብ ደጋግማ ትነክሳለች፤ በነከሰች ቁጥርም የተበከለውን ደም መልሳ ትተፋለች።

ቀጥሎ የመጣው የመርዝ ዘመን ነው። የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ፓውል ሙለር በ1939 ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ደረሰበት፤ በ1948ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። አገራችን ይህን ቃል የተዋወቀችው በተለይ በወባ መከላከል ነው። ታንክ አዝለው ግድግዳ የሚረጩትን የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች የሚያስታውስ አንባቢ ብዙ ነው። ለወባ ትንኝ የተረጨው ዲዲቲ ለቁንጫና ለትኋንም ይተርፍ ነበር። ግን ከመርዙ የተረፉት ተባዮች መርዙን የሚችል ዘር ወለዱ፤ ገና በ1950ዎቹ ዲዲቲ የማይበግራቸው ቁንጫዎችና ትኋኖች በየአገሩ ይታዩ ጀመር። በ1962 ሬቸል ካርሰን መርዙ በአእዋፍና በዓሣ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ጽፋ ዓለምን አነቃች፤ አሜሪካ በ1972 አገደችው። ቤት ውስጥም ዲዲቲ የተነፋባት ድመት ገላዋን ስትልስ ትመረዝ ነበር። እንግዲህ አባቶች «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ቁንጫዋን እንምታ ብለን ምጣዱን ሰበርነው።

ታዲያ የቁንጫ አኗኗር ምንድን ነው? ዛሬ በድመትም በውሻም ላይ በብዛት የምትገኘው የድመት ቁንጫ የምትባለዋ ናት። ሴቷ ደም ከጠጣች በኋላ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ለስላሳ ስለሆነ ከጸጉር ላይ ተንሸራትቶ እንስሳው በተኛበትና በተመላለሰበት ሁሉ ይራገፋል። የሚፈለፈለው እጭ ብርሃን ይሸሻል፤ ወደ ምንጣፍ ሥርና ወደ ወለል ስንጥቅ ይገባል። እዚያም እናቶቹ ከእንስሳው ላይ የሚጥሉትን የደረቀ ደም ያዘለ ኩስ ይመገባል። ሲያድግ ሐር የመሰለ ድር አድርቶ ራሱን ይሸፍናል፤ አቧራና ክር ስለሚለጠፍበት ዓይን አይለየውም፤ የሚረጭ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም። በዚያ ሽፋን ውስጥ ወራት መቆየት ይችላል። የእግር ንዝረት፣ የገላ ሙቀትና ትንፋሽ ሲሰማው ነው ዘሎ የሚወጣው።

በስደት ያለ ሰው ይህን በገዛ ቤቱ ያየዋል። ከወር ሁለት ወር የአገር ቤት ቆይታ በኋላ ተዘግቶ የነበረውን ቤት ሲከፍት ቁንጫ እንደ ዝናብ እግሩ ላይ ይዘንባል። ወይም ድመት ያልነበረው ሰው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ተከራይ ድመት ስለነበረው ብቻ፣ በአዲሱ ቤቱ ይነከሳል። አገር ቤት ውሻ ለጥበቃ ግቢ ውስጥ፣ ድመትም ለአይጥ ማጀት ነበር ቦታቸው፤ እዚህ ልጆች ለምነው ያስገቧት ድመት አልጋ ላይ ትተኛለች። ስለዚህ ቁንጫ በታየ ማግስት «ይቺ ድመት ከቤቴ ትውጣ» የሚል ፍርድ ይሰማል። የለንደን ሹማምንት ፍርድ ነው። ድመቷ ብትወጣም ወለሉ ውስጥ ያሉት እንቁላልና እጭ አብረዋት አይወጡም፤ የተራበችው ቁንጫ ያገኘችውን ሰው ትነክሳለች እንጂ።

የገጠር እናቶቻችን የእጭን ነገር በመጽሐፍ አላነበቡም፤ ዘመቻቸው ግን ወለሉ ላይ ነበር። ቤቱ ይጠረጋል፣ ወለሉና መደቡ በእበት ተለቅልቆ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ቁርበቱና ጀንዲው ወጥቶ ይራገፋል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የቁንጫ እጭ ደረቅ አየርና ፀሐይ አይችልምና ሥራው ከንቱ አልነበረም። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ምንጣፉንና የሶፋውን ሥር በየቀኑ ቫኪዩም ማድረግ፣ የተጠራቀመውንም ወዲያው ከቤት ማውጣት፤ እንስሳው የሚተኛበትን ጨርቅ በሙቅ ውሃ ማጠብ፤ ጸጉሩን በጥርሰ ጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥሮ የተያዘውን ቁንጫ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ መክተት፤ በቤቱ ያሉትን እንስሳት ሁሉ በአንድ ጊዜ ማከም። በሽፋን ውስጥ ያሉት እስኪያልቁ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚፈጅ፣ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ አይገባም። አንድ ጥንቃቄ ግን አይረሳ። ለውሻ ተብሎ የተሠራ፣ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ሊገድል ይችላል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በእንስሳው ማጅራት ላይ የሚንጠባጠቡት መድኃኒቶች ሥራውን እጅግ አቅልለውታል። የእነሱም ዕዳ ግን መታየት ጀምሯል። በ2020 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ከ20 ወንዞች በተወሰዱት ናሙናዎች ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ፊፕሮኒል የተባለውን የቁንጫ መድኃኒት አግኝቷል፤ ኢሚዳክሎፕሪድንም ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ። ውሻው ሲታጠብና ጨርቁ ሲታጠብ መድኃኒቱ በፍሳሽ አድርጎ ወንዝ ይገባል፤ ወንዝ ውስጥም ቁንጫ የለም፤ ሌሎች ነፍሳትና እነሱን የሚበሉ ዓሦች እንጂ። መድኃኒቱ ሲያስፈልግ በሐኪም ምክር ይሰጥ፤ ቁንጫ ኖረም አልኖረም በየወሩ ማንጠባጠብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ፒፕስ ያንን መጽሐፍ ያነበበው ጠላቱ ከፊቱ ተዘርግቶ ሳለ መሆኑን ሳያውቅ ነው። እኛ ግን ከሲሞን ጠርሙስ በኋላ የተወለድን ነን፤ ቁንጫዋ የት እንደምታድር፣ ምን እንደምትበላ፣ መቼ እንደምትነሣ እናውቃለን። ይህን ሁሉ እያወቅን ድመቷን ከበር ውጭ ብናስቀምጣት፣ ወይም በወንዙ ላይ መርዝ ብናፈስ፣ አላወቅንም ነበር የሚል ምክንያት ለእኛ አይሠራም።