የናፍጣ መኪናዎ ጧት ጧት ሲያቃስት፡- ሞተሪኖ ከመቀየርዎ በፊት

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በአራት ኪሎና በቀበና መንደሮች የሚያልፍ ሰው አንድ ድምፅ መስማቱ አይቀርም፡፡ ቁልፉ ይጠመዘዛል፣ የናፍጣ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ያቃስትና ዝም ይላል፡፡ ከዚያ ጎረቤት ይጠራል፣ ዘበኛው ይታከላል፣ መኪናው በግፊ ወደ ቁልቁለቱ ይነዳል፡፡ ባለቤቱም በዚያው ሳምንት ወይ አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ ወይ ሞተሪኖ ያስቀይራል፡፡ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሁለቱም አይደለም፡፡

እኔም ዕድሜ የጠገበ የናፍጣ ፒክ አፕ ከሚነዱት አንዱ ነኝ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዷል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል፡፡ በእጃችን ያለውን መኪና በቀላሉ የምንተካበት ጊዜ አይደለም፡፡ ስለሆነም ለመለዋወጫ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ ማወቅ ይበጃል፡፡

ናፍጣ ላይ ለምን ይብሳል?

የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ይነሳል፡፡ የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፤ አየሩን 20 እጥፍ ያህል አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነዳጁን ያቀጣጥላል፡፡ ለዚህም ሞተሪኖው (ቃሉ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ሞተር» ነው) ዋናውን ሞተር እንደየዓይነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ዙር ማሽከርከር አለበት፡፡ ከዚያ ከዘገየ የታመቀው አየር በፒስተኑ ፋሻ በኩል ያመልጣል፣ ሙቀቱም ወደ ብረቱ ይሸሻል፡፡ ለቤንዚን መኪና ብዙም የማያስቸግር መዘግየት ናፍጣውን ጨርሶ ሊያስቆመው ይችላል፡፡

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ አለ፡፡ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ከመነሻው የሳሳ ነው፡፡ የማለዳ ቅዝቃዜ ሲጨመርበት ደግሞ ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪውም ጉልበት ያጣል፡፡ ድሬዳዋ ላይ ያለ ችግር የሚነሳ መኪና አራት ኪሎ ላይ ቢያስቸግር አይገርምም፡፡

በመጀመሪያ ድምፁን ይለዩ፡፡ ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ከማሞቂያ ካንዴላዎቹ ወይም ከነዳጁ መስመር ነው፡፡ «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ ሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ ይጠረጠራል፤ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ በውስጡ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ሲበሉ ይህ ይከሰታል፡፡ ቀስ ብሎ እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ ግን በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ፡፡ የሚያስፈልገው አንድ ዲጂታል መልቲሜትር፣ ጥቂት ቁልፎችና ቁልፍ የሚጠመዝዝ ሌላ ሰው ነው፡፡

አንደኛ፡- ባትሪው

«መብራቱ ደህና ይበራል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው» የሚለው ክርክር አያስኬድም፡፡ አንድ የፊት መብራት አምፖል 5 አምፔር ያህል ሲወስድ የናፍጣ ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፡፡

መኪናው ካደረ በኋላ ቁልፉን ሳይነኩ ባትሪውን ይለኩ፡፡ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ በግማሽ ወርዷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ሌላውን ከመመርመርዎ በፊት ቻርጅ ያስደርጉት፡፡ ቀጥሎ ረዳትዎ ቁልፉን ሲጠመዝዝ ይለኩ፡፡ ሙሉ የነበረው ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው፡፡ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ 13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት፡፡ ካላሳየ ጥፋቱ የዲናሞው ሊሆን ስለሚችል አዲስ ባትሪ ቢገዙም ጥቂት ቀን ቆይቶ ይደክማል፡፡

አንዳንድ አሮጌ ላንድክሩዘሮች ሁለት ባትሪ በተርታ ተያይዞላቸው በ24 ቮልት የሚነሱ ስለሆኑ በእነሱ ላይ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል፡፡

ሁለተኛ፡- ገመዶቹ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፡፡ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ወፍራሙ ገመድ ሞተሪኖው ላይ በሚታሰርበት ብሎን ላይ አድርገው ቁልፉ ሲጠመዘዝ ያንብቡ፡፡ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም፡፡ ከዚያ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው አካል ይለኩ፤ እዚህ ከ0.3 ቮልት ካለፈ የኔጌቲቩ ገመድ ወይም ማሰሪያው ተበላሽቷል ማለት ነው፡፡ በልኬቱ መሃል ሞተሩ እንዳይነሳ በነዳጅ ፓምፑ ላይ ያለውን የማጥፊያ ሽቦ ለጊዜው መንቀል ይቻላል፡፡

አንድ ጎረቤቴ ጋራዥ ወስዶ «ሞተሪኖው ሞቷል» ተብሎ ነበር፡፡ አብረን ስንለካ በኔጌቲቩ በኩል 1.4 ቮልት ይባክናል፡፡ ገመዱ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ ዝጎና በዘይት ተሸፍኖ ነበር፡፡ ፈትተን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳነውና አጥብቀን አሰርነው፡፡ መኪናው በነጋታው ያለ ግፊ ተነሳ፤ ወጪውም የአንድ ብርጭቆ ወረቀት ዋጋ ሆነ፡፡

ሦስተኛ፡- ሞተሪኖው

ባትሪውም ገመዱም ደህና ከሆኑ ያን ጊዜ ሞተሪኖው ይወርዳል፡፡ ቢወርድም ወዲያው አይጣልም፡፡ ካርቦኖቹ አልቀው፣ ቡሾቹ ተበልተው ወይም ውስጡ ቆሽሾ ሊሆን ስለሚችል እነዚህን መቀየርና ማጽዳት ሙሉውን ከመግዛት ይረክሳል፡፡ ገመድ ታቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ካገኙ ደግሞ ነገሩ ይቀላል፡፡ ቀስ እያለ ብዙ አምፔር የሚስብ ከሆነ የሚይዘው ነገር አለ፤ ቀስ እያለ ጥቂት የሚስብ ከሆነ ካርቦኖቹ ወይም መገናኛዎቹ አልቀዋል፡፡

አራተኛ፡- ሞተሩ ራሱ

ለቆላ የሚሆን ወፍራም ዘይት ለአዲስ አበባ ማለዳ ይከብዳል፡፡ የመኪናው መመሪያ 15 ደብሊው 40 የሚፈቅድ ከሆነ ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል፡፡ ቀበቶው ሲቀየር የነዳጅ ፓምፑ ቀድሞ እንዲረጭ ተደርጎ ታስሮ ከሆነ ሞተሩ እየዞረ ወደኋላ እንደሚገፋ ይሆናል፡፡ በሞተሩ የፊት ፑሊ በቁልፍ ሲዞር የሚይዝ ከሆነ፣ በተለይም ውሃ እየጎደለ ከሆነ፣ የቴስታታ ጋስኬት ተበልቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፡፡ በዚህ ጊዜ በግፊ ለማስነሳት መሞከር ሞተሩን ይሰብራል፡፡

ጥንቃቄ

ቁልፉን በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ አይያዙ፤ ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ያሳርፉት፡፡ ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ኤተር አይርጩ፤ ሊፈነዳ ይችላል፡፡ ባትሪ ሲፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድመው፣ ሲያስሩ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያድርጉ፡፡ ከሁሉ በላይ ግን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና የሚወርደውን ቁልቁለት ለግፊ አይመኑት፡፡ ሞተሩ ካልተነሳ የፍሬኑ አጋዥ አይሠራም፣ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ መሪውም ይደነድናል፡፡ አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ደግሞ ከነጭራሹ በግፊ አይነሳም፡፡

ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ሶማሌ ተራ ከመሄድዎ በፊት አምስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፉ፡- ባትሪው አድሮ፣ ባትሪው ቁልፍ ሲጠመዘዝ፣ በፖዘቲቭ ገመድ የባከነው፣ በኔጌቲቭ የባከነው፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ፡፡ ጥሩ መካኒክ ወረቀቱን አይቶ ሥራውን ከዚያ ይጀምራል፡፡ ሳይለካ «ይቀየር» የሚልዎትን ደግሞ በየትኛው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ ይጠይቁት፡፡